ሙዚቃ በኮምፒዩተርና የፕለጊን ጓዝ

ዛሬ ስለ ፈተናም ስለ ዕድገት ደብዳቤም አልጽፍም። ከቢሮ መልስ ወይም ከጥናት በኋላ ላፕቶፕ ከፍተው ዜማ ለማቀናበር የሚታገሉ ወጣቶች በዝተዋል፤ በመንገድ ባገኙኝ ቊጥርም «ከየት እንጀምር? ምኑን እንጫን?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ስለሆነ «እሱን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ድምፅ በእኛም መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ አለው። ደግሞም ኮሌጅ ሳለሁ ስንት ሌሊት ለዚሁ ነገር እንደገበርኩ አብረውኝ ያደሩት ጓደኞቼ ያውቃሉ።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ለወላጆች ቀን የሚቀርብ ሙዚቃ አሰናድቶ ነበር። አያቱ ክራር ደርዳሪ ነበሩ። ባለፈው ክረምት፣ እኒያ ሽማግሌ ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ልጁ ስልኩን ከፊታቸው አስቀምጦ አምባሰል ሲደረድሩ ቀድቷቸዋል። ያንን ቅጂ መሠረት አድርጎ ከበሮ፣ ቤዝና ኦርጋን በኮምፒዩተር ጨመረበት። ስድስት ሳምንት ለፋበት። በበዓሉ ዋዜማ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ መጣና በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ከፈትነው። ከበሮ የለም፤ ቤዝ የለም፤ ኦርጋን የለም። መስኮት ላይ «የሚከተሉት አልተገኙም» የሚል ረጅም ዝርዝር ብቻ ወጣ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ክራሩም ድምፅ አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ቤት እኮ ይሠራ ነበር» አለኝ።

«እንግዲያው ወደ ቤት እንሂድ» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ የቤቱን ኮምፒዩተር ቫይረስ ገብቶበት ከሁለት ቀን በፊት ጠጋኝ ዘንድ ወስደው፣ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደገና ተጭኗል። ልጁም «ሥራዬን አውጥቻለሁ» ብሎ ያመነው ያቺን ፍላሽ ላይ ያለች ፋይል ነው። ፋይሏ 200 ኪሎ ባይት እንኳ አትሞላም ነበር። ክብደቷን ባየሁ ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁምና ጀማሪ ሁሉ ማወቅ ወደሚገባው ነገር ልለፍ።

ቀድሞ ዘፈን ለማስቀዳት ሰው ስቱዲዮ መግባት፣ ኦርኬስትራ ማሰባሰብ ነበረበት። አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ ማሳተም በጀመሩ ጊዜ ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር። ዛሬ የመቅጃው ክፍል፣ የማደባለቂያው ጠረጴዛና ቴፑ ተጠቅልለው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ገብተዋል። ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ዳው» ይሉታል። ፕሮግራሙ በየመስመሩ፣ ማለትም በየትራኩ፣ ሁለት ዓይነት ነገር ይይዛል። አንደኛው የተቀዳ ድምፅ ነው። ሁለተኛው «ሚዲ» ነው፤ ይህ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ቋንቋ ሲሆን በውስጡ ድምፅ የለም፤ «ይህችን ቊልፍ፣ በዚህ ያህል ኃይል፣ ለዚህ ያህል ጊዜ ተጫን» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ ድምፅ የሚያወጣ ሌላ ተጫዋች ያስፈልጋል።

ያ ተጫዋች ፕለጊን ይባላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የሐምቡርጉ ስታይንበርግ ኩባንያ «ኪውቤዝ» ከተባለው ፕሮግራሙ ጋር «ቪኤስቲ» የሚባል ሥርዓት አወጣ። በዚህ ሥርዓት ሌላ ሰው የሠራው ትንሽ ፕሮግራም በትልቁ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ መሥራት ቻለ። መጀመሪያ የገቡት ድምፅን የሚለውጡት ነበሩ፤ የገደል ማሚቶ የሚጨምር፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንስ፣ የመሳሰለው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ቪኤስቲ ደግሞ ራሳቸው የሚጫወቱትን መሣሪያዎች አስገባ። እስከ ዛሬም ፕለጊን በእነዚህ በሁለት ወገን ይከፈላል።

አሁን የልጁ ፋይል ለምን ባዶ እንደሆነ ግልጽ ነው። የፕሮጀክት ፋይል ድምፅ አይሸከምም። «እዚህ ቦታ ያለውን ቅጂ አምጣ፣ በዚህ ፕለጊን አሰማ» የሚል ማስታወሻ ነው። ከበሮው፣ ቤዙና ኦርጋኑ ሚዲ ስለነበሩ ድምፃቸው በፕለጊኖቹ ውስጥ ነበር፤ ፕለጊኖቹ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር የሉም። ክራሩ የተቀዳ ድምፅ ቢሆንም ቅጂው የነበረው ልጁ ከስልኩ ባወረደበት ፎልደር እንጂ በፕሮጀክቱ ፎልደር አልነበረም። ያ ፎልደር ከጠጋኙ ዘንድ አልተመለሰም።

በማግስቱ በዓሉ ያለ ሙዚቃው ዋለ፤ በቦታው ሁለት ተማሪዎች ግጥም አነበቡ። ልጁ ስልኩንም ከወራት በፊት ለውጦ ኖሯል። ሦስት ቀን ሙሉ «የአያቴን ድምፅ አጠፋሁት» እያለ ትምህርት አልገባውም። በአራተኛው ቀን ግን ያዘኑ ሰሞን ለአክስቱ ወደ ደሴ በቴሌግራም ልኮላቸው እንደነበር ትዝ አለው። አክስቱ አላጠፉትም። መልሰው ላኩለት። እኔ ፊዚክስ አስተማሪው፣ እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት የክፍል ጓደኞቹ ፊት እንባዬን ለመደበቅ ጥቂት ታግያለሁ።

ከዚያ በኋላ «እንግዲህ እንደገና እንጀምር፣ ግን በሥርዓት» ተባባልን።

ሥርዓት ያልኩት ከእኔ የመጣ አይደለም። የእኔ ላፕቶፕ ራሱ ሌላ ጉድ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፤ አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን የፕለጊን ዝርዝሬን አሳየሁት። 214 ነበሩ። ዝርዝሩን ወደ ታች እያንከባለለ ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያም «ይህ እኮ ምናለሽ ተራ ነው» አለኝ። ከ214ቱ ስንቱን እንደምጠቀም ጠየቀኝ። ቈጠርኩ፤ ዘጠኝ ሆኑ። ሌላውን ምን ፈልገህ ሰበሰብከው ቢለኝ መልስ አልነበረኝም። «ነፃ ነው» ሲባል ማውረድ፣ ጓደኛ በፍላሽ ሲያመጣ መቀበል፣ ነገሩ እንዲሁ ነው። እያንዳንዱን በሞከርኩ ቊጥር አንድ ማታ አልፏል፤ ዘፈን ግን አልተጻፈም።

ወዳጄ ያዘዘኝን በሙሉ አልዘረዝርም፤ ጠቃሚ የሆነውን ብቻ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ያስደረገኝ ነገር ፕለጊኖቹ የት እንደሚቀመጡ ማወቅ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ሦስተኛው ቪኤስቲ ራሱን የቻለ ቋሚ ቦታ አለው፤ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ «ኮመን ፋይልስ» የሚል ፎልደር አለ፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ «ቪኤስቲ 3» የሚል። ችግሩ የሁለተኛው ቪኤስቲ ነው። እሱ ቋሚ ቦታ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ጫኝ በፈለገው ፎልደር ይከተው ነበር። ስለዚህ አንዱ ፕለጊን ሁለት ሦስት ቦታ ይገኛል፤ ፕሮግራሙም ሲከፈት ሁሉን ሲፈትሽ ይቆያል፤ በመካከል አንድ የተበላሸ ካለ ጨርሶ ይዘጋል። እኔ ዘንድ ስድስት ቦታ ተበትነው አገኘናቸው። ሁሉንም ወደ አንድ ፎልደር ሰበሰብንና ፕሮግራሙ እዚያ ብቻ እንዲፈልግ አዘዝነው።

አንድ ፕለጊን በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቪኤስቲ ከተጫነ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ሦስተኛውን ያዙ። ስታይንበርግ ሁለተኛውን ለአዲስ ሠሪዎች መስጠት ያቆመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። አሮጌ የ32 ቢት ፕለጊን ያላችሁም ዕወቁት፤ በ64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ ያለ አስታራቂ አይሠራም፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞችም አስታራቂውን ትተውታል። «ጭኜው አይታየኝም» የሚል ጥያቄ ሲደርሰኝ ከአሥሩ ሰባት ጊዜ ያህል ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ይህ የራሴ ግምት ነው እንጂ ጥናት አይደለም።

ቀጥሎ ደብተር አስገዛኝ። እውነተኛ የወረቀት ደብተር። የፕለጊኑ ስም፣ ስንተኛው እትም እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ዘፈን እንደገባ። የመጫኛ ፋይሎቹንም በአንድ ፍላሽ አስቀመጥን። መጀመሪያ ሳቅኩበት። ዳሩ ግን አንድ ወር ሳይሞላ አንዱ ፕለጊን በአዲስ እትም ተተካና የዘፈኔ ድምፅ ተለወጠብኝ፤ ያን ጊዜ የቀድሞውን እትም ከፍላሹ መልሼ ጫንኩና መሳቁን ተውኩ። ዘፈን በመካከል ሳለ ፕለጊን አታድሱ።

ስለ ተሰበረ ቊልፍ፣ ማለት ያለ ፈቃድ ስለሚገለበጠው፣ ምንም ሳልል ማለፍ አልችልም። የልጁ ኮምፒዩተር ቫይረስ የገባበት በዚሁ መንገድ ነው። ድህነታችንን አልክድም። የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የራሴም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ በዶላር የሚከፍል ካርድም በየኪሱ አይገኝም። ነገር ግን ዛሬ ለመስረቅ የሚያበቃ ችግር የለም፤ በነፃ የሚገኘው በቂ ነው። ድምፅ ቀድቶ ለመቊረጥና ለማስተካከል ኦዳሲቲ አለ፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚታደል ነው። ኤልኤምኤምኤስ በሚዲ ለማቀናበር ይሆናል፤ የተለመደው እትሙ ግን ከማይክሮፎን ስለማይቀዳ ከኦዳሲቲ ጋር አጣምሩት። ዌቭፎርም ፍሪ ሁለቱንም ይሠራል። ሪፐር የሚባለው ደግሞ ለ60 ቀን ያለ ክፍያ ይሞከራል፤ ለግለሰብ የተቀነሰው ዋጋው 60 ዶላር ነው፤ ኢኳላይዘሩ፣ ኮምፕሬሰሩና የማሚቶው ፕለጊን አብረውት ይመጣሉ፤ ከፈለጋችሁም በፍላሽ ላይ ጭናችሁ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ይዛችሁት ትዞራላችሁ። እኛ የመረጥነው ይህንን ነው። ለመሣሪያ ድምፅ ሰርጅ ኤክስቲና ዴክስድ ነፃ ናቸው፤ ቫይታልም ነፃ እትም አለው። ዴክስድ ያማሃ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዲኤክስ 7» የተባለ ኪቦርድ አሠራር የሚከተል ነው። ልጁ ከእነዚህ ሁለት ብቻ እንዲመርጥ ነገርኩት። አንድ ሳምንት አኮረፈኝ።

ከኩርፊያው መልስ ክራሩን አመጣን። እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን፤ ለእኔ ከነገሩ ሁሉ ደስ ያለኝም ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት በደቂቃ 120 ምት፣ በአራት በአራት ተቈጥሮ ይጠብቃል። ሠሪው ይህን ያደረገው አንድ ቦታ መጀመር ስላለበት ነው፤ እኛ ግን እንደ ሕግ እንቀበለዋለን። ልጁ በፊተኛው ሥራው አያቱን ቈራርጦ በዚያ ፍርግርግ ላይ ደርድሯቸው ነበር። ሽማግሌው በሕይወታቸው ተጣድፈው የማያውቁ ሰው፣ በ120 ሊሮጡ! ይህን ጊዜ ፍርግርጉን አጠፋነውና ከበሮውን በጆሮ እየሰማ በእጁ እንዲጫወተው አደረግን። ችክችካ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙን በስድስት ስምንተኛ ክፈቱት፤ በአራት በአራት ላይ ብታስገቡት ምቱ ይሰባበርባችኋል።

የቅኝቱ ነገር ከዚህም ይበልጣል። አምባሰልን በፒያኖ ብንጽፈው ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ይሆናል። ልጁም ኦርጋኑን እንደዚሁ ጻፈው። አብረን ስንሰማው ግን ጥርስ የሚያስነክስ ነገር አለው፤ ኦርጋኑና ክራሩ ተጣልተዋል። ለካስ ፒያኖ ኦክታቩን በአሥራ ሁለት እኩል ክፍል የሚቈርጥ መሣሪያ ነው፤ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ክፍል 100 ሴንት ይሉታል፤ ኦክታቩ በሙሉ 1200 ነው። ሽማግሌው ክራራቸውን የቃኙት በጆሯቸው እንጂ በዚህ ልክ አይደለም። ስንለካው ጠቅላላ ክራሩ ከፒያኖው 30 ሴንት ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ሁለተኛዋ ድምፅ ደግሞ ከዚያ ላይ ጥቂት ተጨማሪ ዝቅ ትላለች።

ልጁ «ክራሩን ላስተካክለው?» አለኝ፤ ይህን የሚያደርግ ፕለጊን እንዳለ ያውቃል። «አይሆንም፤ ኦርጋኑን ወደ አባባ አምጣው» አልኩት። ሰርጅ ኤክስቲ «ስካላ» የሚባል የቅኝት ፋይል ይቀበላል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ስንት ሴንት ላይ እንደሚቀመጥ በተራ የጽሑፍ ፋይል ጽፋችሁ ትሰጡታላችሁ። ጥቂት መስመር ነው። ልጁ ጻፈው፤ ኦርጋኑም ከክራሩ ጋር ታረቀ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ በኪቦርድ ሲጫወት «የሆነ ነገር ጐደለው» የምትሉ አንባቢዎች፣ ይህችን ሞክሯት። ብዙዎቻችን ይህን ጒድለት ለመሙላት ሌላ ፕለጊን፣ ሌላ የማሚቶ ዓይነት እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ መዘግየት። ኪቦርዱን ስትጫኑ ድምፁ ቈይቶ ከመጣ ኮምፒዩተራችሁ ደከመ ብላችሁ አትጣሉት። ፕሮግራሙ ድምፁን በእፍኝ በእፍኝ ነው የሚያስተናግደው፤ እፍኙ «በፈር» ይባላል። ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ የሚለካ ቢሆንና በፈሩ 1,024 ቢሆን፣ አንዱ እፍኝ እስኪሞላ 21 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በፊዚክስ ቋንቋ ክራር ደርዳሪው ከሰባት ሜትር ርቀት ላይ እንደተቀመጠ ማለት ነው፤ መግቢያና መውጫው ሲደመር ከዚያም ይርቃል። በፈሩን 128 ብታደርጉት ወደ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ይጨነቅና ድምፁ መንጨርጨር ይጀምራል። ስለዚህ ስትጫወቱና ስትቀዱ አሳንሱት፤ ስታደባልቊ አብዙት። ከባድ ፕለጊን ያለበትንም ትራክ «ፍሪዝ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ተቀዳ ድምፅ ለውጡት። ይህ ኮምፒዩተሩን ያሳርፈዋል፤ ደግሞም ፕለጊኑ አንድ ቀን ቢጠፋ ድምፁ በእጃችሁ ይቀራል። ልጁ ስድስት ሳምንት ከለፋ በኋላ ይህንን ቢያደርግና ቅጂዎቹን ሁሉ ከፕሮጀክቱ ጋር በፍላሹ ቢይዝ ኖሮ በዓሉ ያለ እሱ ሙዚቃ ባልዋለ ነበር።

«ቦታ ይፈጃል» ትሉ ይሆናል። በ24 ቢት፣ በ48,000 የተቀዳ አንድ ነጠላ ትራክ በደቂቃ 9 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። አራት ደቂቃ የሆነ ዘፈን አሥር ትራክ ቢኖረው 350 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ከማንኛውም ፍላሽ ጥግ ይገባል። ሪፐር ውስጥ ፕሮጀክቱን በአዲስ ስም ስታስቀምጡ «ቅጂዎቹን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር አምጣ» የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክት አድርጉበት። መብራት እንደሚጠፋም አትርሱና በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ እዘዙት። መዝገብ ቤቱ ወዳጄ ከዚህ አልፎ «አንድ ቅጂ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ» ይላል። የልጁ ሥራ አሁን በእኔም ቤት፣ በእሱም ቤት ይገኛል።

ሙዚቃው ባለፈው ሳምንት አለቀ። ከበሮ፣ ቤዝ፣ ኦርጋንና ክራር፤ አምስት ፕለጊን። ልጁ መጀመሪያ ወደ ደሴ ላከው። አክስቱ በማግስቱ ደውለው «ደግ ነው፤ ግን ከበሮው አባባን ሸፈናቸው» አሉት። በ4 ዴሲቤል ዝቅ አድርጎ መልሶ ልኮላቸዋል፤ መልሳቸውን እየጠበቀ ነው።